ሦስተኛው ስልክ

«እሷ ጠንካራ ናት፤ ትችለዋለች» የሚለውን የእናቷን ድምፅ የሰማችው ፊቷን ሳሙና እንደተቀባች ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፣ እሱም ግድግዳ ከተባለ፤ ከወዲያ ማንኪያ ቢወድቅ ከወዲህ ያለው ሰው ሊያነሳ ጎንበስ ይላል። እናትየው ይህን ለሃያ ዓመት ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን የውሃው ድምፅ የሚሸፍናቸው መስሏት ነበር። ውሃው ደግሞ እንደ ልማዱ በመሃል ሄዶ፣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቧንቧውን እየዳበሰች ነበር። ከዚያ በፊት የተባለውም አላመለጣትም።

«ስሟን ጻፍከው?» ብላ ነበር እናትየው።

«ስሟን አልጻፍኩም» አለ ወንድሟ አፉ ዳቦ እንደሞላ። «‹ዕቃውን የገጠመችው ቴክኒሻን በደንብ አልገጠመችውም› ነው ያልኩት። ሌላ ቴክኒሻን እንደሌለ አለቃው ያውቃል።»

«ይሁን እንግዲህ። እሷ ጠንካራ ናት፤ ትችለዋለች። የምትሰበረው አንተ ነህ፣ ማሙሽ። በል እንቁላልህን ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ማሙሽ የሚባለው ሕፃን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አውሮፕላን ያበራል። ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት ወንበር ይሁን እንጂ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው፤ እናቱም ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ወንበሩን አትቆጥርም። እህቱ፣ ይቺው ሳሙና ዓይኗ የገባባት፣ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። እዚያው እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የአውሮፕላኖቹን ራዲዮና ስክሪን የምትገጥምና የምትጠግን ቴክኒሻን ናት፤ የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ሽቦ ይሏታል። አንዲት ማኅተም አለቻት፣ የጠርሙስ ክዳን የምታህል፣ የራሷ ቁጥር ያለባት። ያቺ ማኅተም ካላረፈችበት እሷ የነካችው ነገር ከመሬት አይነሳም። ማኅተሟን ለማግኘት አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ለመነጠቅ ግን አንድ ገጽ ሪፖርት ይበቃል።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሐሙስ ነው። ማሙሽ የሰው ጥቅል አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ ከተማው ጫፍ ላይ ሌላ አውሮፕላን ከሥሩ ሽው ብሎ አለፈ፤ የጎኑን ቁጥር ማንበብ እስኪቻል ድረስ ቀርቦት። ማንም አልተጎዳም፤ የዚያኛው አብራሪ ግን ከሰሰ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አስቀድማ እንድታሳብቅ የተገጠመች አንዲት ሳጥን አለች፤ የልብስ ሳሙና ታህላለች፣ ከፊት መስኮቱ ሥር ተለጥፋ ትቀመጣለች። በአካባቢው የሚበሩትን አውሮፕላኖች ምልክት ትለቅምና በዋይፋይ ወደ አብራሪው ታብሌት ትልከዋለች፤ እሱም ማን ከየት እንደሚመጣ ጭኑ ላይ ያያል። ሐሙስ ዕለት ታብሌቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ እየተቋረጠ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየተቋረጠ አስቸገረ። ሳጥኗን የገጠመቻት እትዬ ሽቦ ናት። አራት ቀን ፈተሸቻት፤ አንዴም አልተቋረጠችም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት በሽተኛ ሆነችባት። አለቃው ለዛሬ አሥር ሰዓት ቀጥሯታል፤ ምክንያቱን ካላገኘች ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፣ ማኅተሟም መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። የማታውቀው፣ ወንድሟ መልሱን አስቀድሞ እንደጻፈላትና እናቷ ደግሞ እንቁላል እየጠበሰች እንዳጸደቀችለት ነው።

ፊቷን ጠርጋ ወጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ግድግዳውን ተጠግቶ ስለሚቆም ሦስት ሰው ብቻ ይይዛል፤ የእሷ ወንበር ሁልጊዜ በሩን የሚጋርደው ነው፤ ሰው ማለፍ ሲፈልግ የምትነሳው እሷ ናት። «ዓይንሽ ቀላ» አለቻት እናቷ። «ሳሙና ነው» አለች። እናትየው ስለ እንቁላል ዋጋ አወራች፤ ባለሱቁ ለአንዱ እንቁላል ያለፈውን ወር የሁለት እንቁላል ዋጋ እንደጠራባት፣ ዶሮዎቹ ግን ያው የድሮዎቹ ዶሮዎች መሆናቸውን። ማሙሽ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ሰምቻችኋለሁ» የምትል አንዲት ቃል አፏ ውስጥ እየተንከባለለችባት ሻይዋን ጨረሰች። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብላ ተነሳች።

«እታለም፣ አብረን አንሄድም እንዴ?» አላት ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ እያቅጨለጨለ።

«ዛሬ በታክሲ ልሂድ።»

«ምነው? ተኳረፍን?»

«የምንኳረፍበት ምን አለ?»

ትከሻውን ሰብቆ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ሰሃን ሰብሮ ያመለጠባት ናት። ሰሃኑን ማን ሰበረው ሲባል «እሷ ናት» ብሎ ያውቃል፤ ያኔ ግን አምስት ዓመቱ ነበር።

ታክሲው ውስጥ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መሃል ተጣብቃ አንዲቷን ቃል ስታላምጥ ሄደች። በዚያ ቤት «ጠንካራ» የሚለው ቃል የሚነሳው የሚሸከም ሰው ሲፈለግ ነው። አባታቸው ሲሞት ሬሳውን የሚረከብ ሰው ሲታጣ ጠንካራ ነበረች። ማሙሽ የበረራ ትምህርቱን በመሃል ጥሎ አልጋ ላይ የተኛ ጊዜ፣ ቀስቅሳ፣ ፊቱን አጥባ፣ እጁን ይዛ እንደ ተማሪ ልጅ በር ድረስ ያደረሰችው ጠንካራዋ ናት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እሷ ግን ራሷን ሞኝ ብላ አታውቅም ነበር። የተወደደች መስሏት ነበር የኖረችው። ይኼ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

ሃንጋሩ በር ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ወደ አውሮፕላን የሚጠጋ ሁሉ ስልኩን እዚያ ጥሎ ይገባል፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። «የማይታይ ነገር ስፈትሽ አጠገቤ ሌላ የማይታይ ነገር አልፈልግም» ትላለች። አለቃው እንኳ አይቀርለትም። አለቃው ነገሩን ሁሉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስለሚል ቶሎቶሎ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ አንድ ቀን ስልኩን ኪሱ ይዞ ቢገባ ከበሩ መልሳ «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰምበሌጥ» ብላ አሳቀችበት። ዛሬ ግን ሕግ አውጪዋ ራሷ ቆርቆሮውን አልፋ ገባች። ስልኳ የቱታዋ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ልቧ ደግሞ ገና ወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

አብራሪው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሳጥኗን አበራች፣ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አገናኘችው፣ የሳጥኗን ሆድ ዕቃ የምታይበትን ላፕቶፕ ጎኗ ካለው ወንበር ላይ ከፍታ እሱንም ከሳጥኗ ዋይፋይ ጋር አገናኘችው። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ሁሉም ሰላም ነው። «ምነው ዛሬ እንኳ ብታሳዝኚኝ» አለቻት ሳጥኗን። መስኮቱ በፀሐይ ግሎ ወንበሩ የሞቀ ላስቲክ ይሸታል። ተስፋ ቆርጣ ልትወርድ ስትል ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ ክው አለች። የእናቷ መልእክት ነው፦ «ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ።» ተኝቶ የነበረው ስልክ ሲከፈት ዋይፋይ መፈለግ ጀመረ፤ እሱን አንብባ ሳትጨርስ ሌላ ጽሑፍ ከሥሩ ብቅ አለ፦ ስልኩ ሰማያዊ በር ከሚባለው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ጭኗ ላይ ያለው ታብሌት በዚያችው ቅጽበት ጠፋ። ቆይቶ ተመለሰ። ደግሞ ጠፋ።

ሰማያዊ በር የቤታቸው ዋይፋይ ስም ነው፤ በራቸው ሰማያዊ ስለሆነ ራሷ ያወጣችው። ቤታቸው ደግሞ ከዚህ በታክሲ አርባ ደቂቃ ነው። እዚህ ምን ይሠራል? ይህን ባለች በአፍታ ሁሉም መጣላት፤ መጥቶም አሳፈራት። ከሁለት ወር በፊት ሳጥኗን ቤት ወስዳ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተካክላት ነበር። የማሙሽ ታብሌት አዲስ የዋይፋይ ስም አልቀበል ብሎ አስቸገረ፤ ባስገቡት ቁጥር ይረሳል። ራት ቀርቧል፣ ቶሎቶሎ በስልክ «ለነገ ጠዋት ትደርሳለች ወይ?» ይላል። እሷም ለጊዜው ብላ ለሳጥኗ የቤቱን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ሰጠቻት፤ ታብሌቱ ቤቱ ያለ መስሎት ወዲያው ገባ። ነገ እቀይረዋለሁ ብላ ተኛች። ለጊዜው የተባለው እንደዚያው ቀረ። አራት ቀን ሙሉ ስሙ ላፕቶፑ ላይ ፊት ለፊቷ ተጽፎ ነበር፤ የቤቷ ስም ስለሆነ ዓይኗ ሳይቆጠቁጠው አለፈው።

ሳጥኗ የምትይዘው ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛ ሲመጣባት ቀድሞ የገባውን ታስወጣለች፤ የወጣውም ተመልሶ ሲገባ ሌላውን ያስወጣል፤ ለሁለት ሰው አልጋ ሦስት ሆኖ እንደመተኛት ነው። የቤታቸውን ዋይፋይ የሚያውቅ ስልክ ሁሉ ሳጥኗ አጠገብ ከደረሰ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። ጥፋቱ የእሷ ነው ማለት ነው። «የኔ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ሃንጋር ውስጥ። ወንድሟ ሳያውቀው እውነት ጽፏል። ለአፍታ ያህል እንደ መቅለልም ቃጣት፤ ጥፋቱ የራሷ ከሆነ የተከዳችው ግማሹን ብቻ ነው።

ከዚያ ግን ቁጥሩ አልገጥም አላት። ሐሙስ ዕለት አንዱ የማሙሽ ታብሌት ነው። ሁለተኛው የማሙሽ ስልክ ይሁን፤ አጥፋ ቢባልም አያጠፋም። ሦስተኛው የማን ነው? እሱ ብቻዬን ነበርኩ ብሎ ፈርሟል። ሳጥኗ የገባውንና የወጣውን ሁሉ በሆዷ ትጽፋለች፤ እስከዛሬ ያላየችው ዝርዝሩ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ ብላ ስላላሰበች ነው። ከፈተችው። ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ስሞች። የካፒቴኑ ታብሌት። የካፒቴኑ ስልክ። ሦስተኛው «እማዬ» ይላል።

ስሙን ስልኩ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ስልኩን ለእናቷ ገዝታ፣ ፊደሉን አጉልታ፣ ስም አስገቢ ሲላት ያለ ማሰብ «እማዬ» ብላ።

ሳጥኗ መንገዱንም ትይዛለች። ከላፕቶፑ ላይ የሐሙስን መስመር በጣቷ ተከተለችው። አውሮፕላኑ ጥቅሉን ካደረሰበት ሜዳ ተነስቶ ቀጥታ መምጣት ሲገባው፣ ከተማው ጫፍ ላይ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ዞሯል። የዞረበትን ሰፈር አጉልታ አየችው። የራሳቸውን ጣሪያ ከሰማይ አይታው ባታውቅም በር ላይ ባለው የውሃ ታንከር አወቀችው። ሐሙስ እሷ ዕረፍት ነበረች፤ እናቷ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ «የታመመች ጓደኛዬን ጠይቄ ልምጣ» ብላ ወጥታለች። እሷ ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ የሚታወቃትን የሞተር ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል አውሮፕላኑ ክንፉን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነበለላት። ማሙሽ ብቻውን መስሏት፣ ለእሷ ብሎ የመጣ መስሏት፣ የያዘችውን የትራስ ልብስ እያወዛወዘች እንደ ልጅ ዘለለች። የጎረቤቷ ሴትዮ እንኳ በአጥር ብቅ ብላ ስቃባታለች። ማታ እናቷ ስትመጣ «ጓደኛሽ እንዴት ናት?» ብላ ጠይቃ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሏታል» የሚል መልስ ተቀብላ፣ እግሯን የምታጥብበት ሙቅ ውሃ አቅርባላታለች።

ለፍተሻ በረራ በምትወጣበት ጊዜ አብረን እንብረር ብላ እናቷን ስንት ዓመት ለመነቻት! አለቃው ለቴክኒሻኗ እናት ወረቀት ጽፎ ፈቅዶላት ነበር። «እኔን መሬቱ ይብቃኝ ልጄ፣ ከፍታ ልቤን ያጠፋዋል» እያለች ነው የኖረችው። እትዬ ሽቦ አብራሪው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች። ማኅተሟን አስባ አይደለም ያለቀሰችው፤ ያን የትራስ ልብስ አስባ ነው።

ወንድሟ ስምንት ሰዓት ላይ ከቢሮው ወደ ሃንጋሩ መጣ። ስልኩን ቆርቆሮው ውስጥ ጥሎ፣ እያፏጨ። ፊቷን ሲያይ ፉጨቱን ተወ።

«ሐሙስ ማንን ይዘህ ነበር?»

«ማንንም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችለት። አነበበ። ፈቃድ የሌለው ሰው መጫን ያለ ፓስፖርት ድንበር እንደ መሻገር ነው፤ ፈቃዱን ያስወስደዋል፣ ይህን ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል። የአውሮፕላኑን ክንፍ ተደግፎ ቆመ።

«ልደቷ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጥቅሉን ካደረስኩ በኋላ እዚያው ሜዳ ጠብቂኝ አልኳት፣ በአውቶቡስ መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ ቤቴን ከላይ ልየው አለችኝ። ምን ልበላት?»

ልደቷ ሐሙስ እንደነበር እትዬ ሽቦም ታውቃለች። አንሶላውን ያጠበችው ማታ ቤቱ ጸድቶ እንዲጠብቃት ብላ ነበር።

«ስሜንስ ስጥ ያለህ ማነው?»

«እማዬ ናት። እኔ እኮ ዝም ልል ነበር።» ከዚያ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም ሙች፣ ሦስተኛውን መስመር አጥፊው። የቤቱን ስም የሰጠሻት አንቺ አይደለሽም? ስህተቱ ያንቺው ነው።»

«የኔ ነው። እጽፈዋለሁ።»

«ታዲያ እሱ አይበቃም? ‹ሦስተኛው ስልክ የኔ ነው፣ የወንበሩ ኪስ ውስጥ ረስቼው ነው› በይ።»

«እኔ ሐሙስ አንሶላ ሳሰጣ ነበር» አለችው። «አይታችሁኛል።»

ፈገግ ሊል ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው።

አሥር ሰዓት ላይ ቶሎቶሎ ቢሮ ገባች። የጥገና መዝገቡን ከፍታ አራት መስመር ጽፋለች። ዋይፋዩ የተቋረጠው ከሁለት በላይ ዕቃ ስለገባበት ነው። የገባውም ቴክኒሻኗ ለሳጥኑ የቤቷን ዋይፋይ ስም ስለሰጠችው ነው፤ ይህ የቴክኒሻኗ ስህተት ነው። በዕለቱ የገባው ሦስተኛው ስልክ የቴክኒሻኗና የአብራሪው እናት ስልክ ነው። ስሙና ፓስወርዱ ዛሬ ተቀይሯል፣ በሦስት ስልክ ተፈትኗል፣ አይቋረጥም። ከሥሩ ማኅተሟ አርፏል። ቶሎቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ።

«ሦስተኛዋን መስመር ባትጽፊያትስ ኖሮ?»

«ያን ጊዜ ሳጥኗ ዋሸች ማለት ነበር። ሳጥኗ አልዋሸችም።»

«እስኪጣራ ድረስ ሁለታችሁንም ቤት አስቀምጣለሁ። ታውቂያለሽ አይደል?» አለ። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ማኅተሟን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ጠረጴዛው ሰፊ ስለነበር ትንሽ መስላ ታየቻት።

ስትመለስ ዳቦውን ገዛች። ለምን እንደገዛችው አታውቅም፤ ተባለች፣ ገዛች። ሰማያዊውን በር ስትከፍት ወጥ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማሙሽ ደውሎ እንደነገራት ከእናቷ አቀማመጥ ታወቃት፤ ጠረጴዛው ጋ በሩን በምትጋርደው ወንበር ላይ፣ በእሷ ቦታ፣ ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዳቦውን ፊቷ አኖረችላት። የምትቀመጥበት ስላልነበራት ቆመች።

«በልጄ ላይ ጻፍሽበት?» አለች እናቷ።

«በሁለት ልጆችሽ ላይ ነው የጻፍኩት እማዬ።»

እናትየው ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ከግድግዳው ወዲያ ቧንቧው ውሃ መጥቶለት መንጠባጠብ ጀመረ፤ ጠዋት ሳትዘጋው ነው የወጣችው። ሁለቱም ሰሙት፣ ማናቸውም አልሄዱም።

«ያን ቀን እጄን ሳወዛውዝ አየሽኝ?»

«አየሁሽ እንጂ! ማሙሽ ‹እያት፣ እያት› አለኝ። ነጭ ነገር ይዘሽ ስትዘዪ። እኔም እኮ አወዛወዝኩልሽ፣ በሁለት እጄ። አንቺ አላየሽኝም እንጂ።» ይህን ስትል ፊቷ ለአፍታ በራ፤ ደስታዋን እስከዛሬ የምትነግረው ሰው አጥታ የኖረች ይመስላል።

«ታዲያ ለምን ስሜን ሰጠሽ?»

እናቷ ዳቦውን የጠቀለለውን ወረቀት ጫፉን በጣቷ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

«አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

«አልቻልኩትም» አለች እትዬ ሽቦ። «አልቻልኩትም፣ እማዬ።»